በርካሽ የተገዛ መኪና ለምን በውድ ይገመታል? ያገለገሉ መኪኖች ገበያ እና የቨርጂኒያ ዓመታዊ የመኪና ታክስ

ጥያቄ፦ ጠያቂያችን የሚኖሩት በቨርጂኒያ ግዛት ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። በ2022 የቀድሞ መኪናቸው፣ የ2015 ቶዮታ ኮሮላ፣ በዕድሜ ላይ አንድ ዓመት ጨምሮ ሳለ የካውንቲው የመኪና ታክስ ከቀዳሚው ዓመት በብዙ በልጦ መጣባቸው፤ ምክንያቱ ሳይገባቸው ከፈሉ። ባለፈው ኖቬምበር ደግሞ 138,000 ማይል የተነዳ የ2017 ቶዮታ ራቭ ፎር ከግለሰብ በ11,000 ዶላር ገዙ። አሁን የደረሳቸው ቢል ግን መኪናውን በ14,200 ዶላር ይገምተዋል። «መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል እንጂ እንዴት ይጨምራል? የገዛሁበትን ውል ይዤ ብቀርብ ያስተካክሉልኛል ወይ? ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ፤ ይህስ ታክሱን ይነካዋል? አንድ ወዳጄ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ወንድምህ አድራሻ የሜሪላንድ ታርጋ አውጥተህ ተገላገል ይለኛል» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች ተደባልቀዋል፤ እነሱን ሳንለይ ወደ ቁጥሩ ብንገባ መግባባት አንችልም። አገር ቤት ለመኪናችን በየዓመቱ የምናውቀው ክፍያ የቦሎ ነው፤ እሱም መኪናው ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል በሚለው ላይ አይመሠረትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከቦሎ ጋር የሚመሳሰለው ለዲኤምቪ (ለግዛቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት) የሚከፈለው የምዝገባ ክፍያ ነው። ሁለተኛው፣ መኪናውን ሲገዙ ስሙን ለማዛወር አንድ ጊዜ ብቻ ለዲኤምቪ የከፈሉት 4.15 በመቶ የሽያጭ ታክስ ሲሆን ውልዎ ላይ የተጻፈው የመግዣ ዋጋ ዋና ቦታው እዚያ ነው። ሦስተኛውና አሁን እጅዎ ላይ ያለው ቢል ግን የንብረት ታክስ ነው። ባለቤት በቤቱ ላይ ለካውንቲው እንደሚከፍል ሁሉ ባለመኪናም በመኪናው ላይ ይከፍላል፤ የሚሰላውም መኪናው ከተገዛበት ዋጋ ተነሥቶ ሳይሆን፣ በአንድ የተወሰነ ቀን በገበያ ላይ ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ዋጋ ተነሥቶ ነው።

ያ ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት ንብረት በትክክለኛ የገበያ ዋጋው እንዲገመት ያዛል፤ ዝርዝር ሕጉ ደግሞ መኪና በታወቀ የዋጋ መመሪያ መጽሐፍ እንዲገመት ይደነግጋል። ፌርፋክስ የሚጠቀመው የጄ.ዲ. ፓወርን መመሪያ ሲሆን፣ ይህ ቀድሞ «ናዳ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ነው (ስሙን በአማርኛ የሰሙ አንዳንድ ደንበኞቼ ዋጋ የሚንድ መጽሐፍ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር)። መመሪያው የሚያውቀው የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመት፣ ደረጃውን እና አገሩ ላይ በአማካይ የሚሸጥበትን ዋጋ ነው። የእርስዎን መኪና አይቶት አያውቅም፤ ጎኑ መጫሩን፣ ሻጩ ወደ ሌላ ግዛት ሊዛወር ተቻኩሎ በርካሽ መልቀቁን፣ ወይም እርስዎ በመከራከር ጎበዝ መሆንዎን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ «በ11,000 ዶላር ገዝቼ እንዴት 14,200 ተባልኩ» የሚለው አቤቱታ በዚያ መልኩ ከቀረበ ውድቅ እንደሚሆን አስቀድሜ ልንገርዎ። አንድ ግዢ አንድ ግዢ ነው። ከዘመድ በስጦታ በሚያህል ዋጋ የተገዛ መኪና እና ከሻጭ ድርጅት በወለድ ተወዶ የተገዛ ተመሳሳይ መኪና እኩል እንዲገመቱ ሕጉ ሆን ብሎ የደነገገው ነው፤ አለበለዚያ ሰው ሁሉ በውሉ ላይ ያሻውን ዋጋ በጻፈ ነበር። ነገር ግን ውሉን አይጣሉት። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ የሚጠቅምዎ ዋጋው ከተጻፈበት መስመር ላይ ሳይሆን ከሌላ መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስቆጣ አንድ ነገር አለ፤ ተመሳሳይ ሁለት መኪኖች በሁለት አጎራባች ካውንቲዎች በተለያየ ዋጋ ሊገመቱ ይችላሉ። ሕጉ ለየአካባቢው ገማች ምርጫ ይሰጠዋል። ገማቹ መመሪያው ውስጥ ያሉትን ማስተካከያዎች ሁሉ ለእያንዳንዱ መኪና ሊጠቀም ይችላል፤ ይህን የማያደርግ ከሆነ ደግሞ ከመመሪያው አንዱን መነሻ ዋጋ፣ ማለትም አማካይ የችርቻሮ፣ የጅምላ ወይም ባንክ ለብድር የሚቀበለውን ዋጋ መርጦ ለሁሉም እኩል መጠቀም አለበት። በዚህ ላይ ምጣኔው ራሱ ይለያያል። ፌርፋክስ በእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት ላይ 4.57 ዶላር፣ አርሊንግተን 5 ዶላር፣ የአሌክሳንድሪያ ከተማ 5.33 ዶላር ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። ምጣኔው በየዓመቱ ስለሚጸድቅ ቢልዎ ላይ የታተመውን ይመኑ። ከአሌክሳንድሪያ ጓደኛዎ ጋር ቢል ማወዳደር ግን ከንዴት በቀር ምንም አያተርፍልዎም።

አሁን ወደ ኮሮላው እንመለስ። «መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ይህንን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ሊከብድ አይገባም ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ ገዝቶ፣ ዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው የማያውቅ አለ? አዲስ መኪና ማስገባት ሲወደድ ወይም ሲከለከል፣ ያለው አሮጌ መኪና ይወደዳል። በ2021 አሜሪካ ላይ የሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ሲመለሱ ደግሞ ለመኪና የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፋ፤ የአከራይ ድርጅቶች በ2020 መኪኖቻቸውን ሸጠው ስለነበር እነሱም ገዢ ሆነው ወደ ገበያው ተመለሱ። አዲስ መኪና ያላገኘ ሁሉ ወደ ያገለገለው ዞረ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እንደመዘገበው እስከ ጃንዋሪ 2022 ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ የያገለገሉ መኪኖች ዋጋ በ40.5 በመቶ ጨምሯል። የቨርጂኒያ ገማቾች መመሪያቸውን የገለጡት ልክ በዚያው ወር ነበር። ኮሮላዎ አንድ ዓመት በማርጀቱ ያጣው ዋጋ ገበያው ከጨመረለት ያነሰ ስለነበር ግምቱ ወደ ላይ ሄደ።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ቢሉ ከመኪናው ዋጋ በበለጠ ፍጥነት እንዲንር ያደረገው ሁለተኛ ምክንያት ስላለ፣ በዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ ልምድ ታክሱን ለዓመታት ሲከፍሉ የኖሩ ሰዎች እንኳ አያውቁትም። በ1997 ጂም ጊልሞር የቨርጂኒያ ገዥ ሆነው የተመረጡት የመኪና ታክስን አስቀራለሁ በሚል ቃል ነበር። በ1998 የወጣው ሕግ ግዛቱ ከእያንዳንዱ የግል መኪና ታክስ ላይ በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ድርሻ እንዲከፍል አደረገ፤ በ12.5 በመቶ ተጀምሮ በ2001 70 በመቶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወጪው ከበጀቱ አቅም በላይ ሆነ፤ ከ2006 ጀምሮም የግዛቱ ድጎማ በጠቅላላው በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ታሰረ። ካውንቲዎችና ከተሞች ከዚያ ገንዘብ ቋሚ ድርሻ ይደርሳቸዋል፤ እነሱም በየዓመቱ ድርሻቸውን ለነዋሪዎቻቸው መኪኖች ያካፍላሉ፤ ድጎማው የሚሸፍነውም የመኪናውን የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ዋጋ ብቻ ነው። ቢልዎ ላይ በመቶኛ የሚታየው ቅናሽ የዚህ ክፍፍል ውጤት ነው።

ድጎማው የማይሰፋ አንድ እንጀራ ነው ብለው ያስቡት። የመኪኖቹ ዋጋ በሙሉ ሲጨምር እንጀራው ስለማያድግ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው መቶኛ ያንሳል። ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ቁጥሮች ልውሰድ፤ መቶኛዎቹ የየትኛውም ዓመት ትክክለኛ የድጎማ ልክ እንዳልሆኑ ይያዙልኝ። መኪናዎ 12,000 ዶላር ቢገመት በ4.57 ምጣኔ ታክሱ 548.40 ዶላር ይሆናል። ድጎማው 60 በመቶ ከሆነ 329.04 ዶላሩን ግዛቱ ይከፍልና እርስዎ 219.36 ዶላር ይከፍላሉ። በሚቀጥለው ዓመት የካውንቲው መኪኖች ሁሉ በ25 በመቶ ቢወደዱ፣ የእርስዎ ግምት 15,000፣ ታክሱም 685.50 ዶላር ይሆናል። ድጎማው ግን ያው 329.04 ስለሆነ መቶኛው ወደ 48 ይወርዳል፤ ከኪስዎ የሚወጣውም 356.46 ዶላር ይሆናል። የመኪናው ዋጋ የጨመረው በሩብ ሲሆን የእርስዎ ክፍያ የጨመረው በ62.5 በመቶ ነው። ማንም ምጣኔ አልጨመረም፣ ማንም ድጎማ አልቀነሰም፤ ጭማሪው ሁሉ ግን ባለመኪናው ላይ ወደቀ።

በ2022 ባለሥልጣናቱ ዝም ብለው አላዩም ነበር። ፌርፋክስ በዚያ ዓመት መኪኖችን በመመሪያው ዋጋ 85 በመቶ ላይ ብቻ ገመተ፤ የግዛቱ ምክር ቤትም አካባቢዎች ለግል መኪኖች ዝቅ ያለ ምጣኔ እንዲያወጡ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ሕግ አወጣ። እነዚህ በወቅቱ ለነበረው ችግር የተወሰዱ እርምጃዎች እንጂ መብት ሆነው የቀሩ አይደሉም። «ያኔ 15 በመቶ ቀንሰውልኝ ነበር፣ አሁን ለምን ከለከሉኝ» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች የሚያጠፉት ጊዜያቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ገበያው ረገብ ቢልም ወደ ቀድሞው ቦታ አልተመለሰም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። በ2020 እና በ2021 ያልተመረተ መኪና ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ያገለገለ ሆኖ ወደ ገበያ ሊመጣ አይችልም። በዕድሜያቸው መሐል ላይ ያሉ ጥሩ መኪኖች እጥረት እንደ ራቭ ፎር ያሉ፣ የሚበረቱና ነዳጅ የማይበሉ መኪኖችን ዋጋ ደግፎ ይይዛል። አዲስ መኪና ሲረክስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ቴስላ የአዳዲስ መኪኖቹን ዋጋ ሲቆርጥ ያገለገሉት ቴስላዎችም አብረው ወረዱ። ሰሞኑን ለሁሉ ነገር ታሪፍን ተጠያቂ ማድረግ ስለተለመደ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ የተጣለው የ25 በመቶ ታሪፍ ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 3፣ 2025 ነው፤ የ2025 ግምት የሚነሣው ግን ከዚያ ቀደም ካለው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ በዚያ ዓመት ግምት ላይ ታሪፉን ማሳበብ አይቻልም።

እንግዲህ መከራከር የሚቻለው በምን ላይ ነው? በገበያው ላይ አይደለም፤ መኪናዎ በመዝገቡ ላይ በተገለጸበት መንገድ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቢሉ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የመኪናውን ደረጃ ይመልከቱ። ራቭ ፎር ከዝቅተኛው ኤልኢ እስከ ሊሚትድ የተለያየ ደረጃ አለው፤ በፊት እግሩ ብቻ የሚነዳውና በአራቱም እግር የሚነዳውም በዋጋ ይለያያሉ። የሻንሲው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ደረጃውን በግልጽ ስለማይለይ ተራው መኪና በውዱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። በሠራሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው የተሳኩ አቤቱታዎች ውስጥ እንደዚህ ያለው ስሕተት ብዙውን ቦታ ይይዛል፤ ማስተካከሉም ክርክር የማይጠይቅ የመዝገብ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ማይል ነው፤ የእርስዎ ጠንካራ ነጥብም ይህ ነው። በዓመት ከ12,000 እስከ 15,000 ማይል እንደ መደበኛ ቢወሰድ፣ የስምንት ዓመት መኪና 138,000 ማይል መነዳቱ ከመደበኛው በላይ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ለብዙ ማይል የሚቀነስ ሠንጠረዥ አለው። ካውንቲው የሚጠይቀው ማስረጃ ማይሉ ዛሬ ስንት እንደሆነ ሳይሆን በጃንዋሪ 1 አካባቢ ስንት እንደነበረ ነው፤ ዛሬ በስልክ የተነሣ የዳሽቦርድ ፎቶ ስለዚያ ቀን ምንም አይናገርም። ቀኑና ማይሉ አብረው የተጻፉበት የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ወይም ቨርጂኒያ በየዓመቱ የምታስገድደው የኢንስፔክሽን ወረቀት ጥሩ ማስረጃ ነው። ውሉን አይጣሉት ያልኩዎትም ለዚሁ ነው። መኪናው በኖቬምበር በስምዎ ሲዛወር ሻጩ ማይሉን ከውሉ ጋር በሚሄደው ታይትል (የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ላይ ፈርሞ አስፍሯል፤ ያ ቁጥር ከጃንዋሪ 1 በፊት በሁለት ወር ውስጥ የተመዘገበ ሕጋዊ ቃል ነው። በዋጋው መስመር ያልረዳዎት ሰነድ በማይሉ መስመር ይረዳዎታል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ መኪናው በግጭት ምክንያት ሳልቬጅ (ከባድ ጉዳት የደረሰበት) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) የሚል ታይትል ካለው፣ ወይም በጃንዋሪ 1 ላይ ያልተጠገነ ከባድ ጉዳት ከነበረበት፣ የጋራዥ የጥገና ግምት ይዞ ማመልከት ይቻላል። በተለመደ አጠቃቀም የሚመጣ ጭረት ግን አይቆጠርም። በዓመቱ መሐል መኪና የሸጠ ወይም ከካውንቲው የለቀቀ ሰው ደግሞ የወራቱን ስሌት ይመርምር፤ ፌርፋክስ ታክሱን በወር ስለሚከፋፍል የሸጠበትን ቀን ያሳወቀ ሰው የቀሪዎቹ ወራት ይመለስለታል። የቀድሞ ኮሮላዎ ጉዳይ በመዝገቡ ላይ መዘጋቱን በዚሁ አጋጣሚ ያረጋግጡ፤ የተሸጠ መኪና ቢል ለዓመታት ሲከተላቸው የኖሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ከመድከምዎ በፊት ግን የሚያገኙት ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ያስሉት። በ4.57 ምጣኔ ከግምቱ ላይ 1,000 ዶላር ማስቀነስ ማለት ከታክሱ 45.70 ዶላር ማስቀነስ ማለት ነው፤ ድጎማው ለምሳሌ ግማሹን የሚሸፍን ከሆነ ለእርስዎ የሚተርፈው 22.85 ዶላር ብቻ ነው። ማይሉ 2,000 ዶላር ቢያስቀንስልዎ እንኳ የሚያተርፉት ወደ 46 ዶላር ገደማ ይሆናል። በኢንተርኔት ወረቀት ልኮ የሚያልቅ ከሆነ ይገባዋል፤ የአንድ ቀን ሥራ አስቀርቶ ቢሮ ለመሰለፍ ግን አይገባውም። የተሳሳተ ደረጃ ወይም የቀረ ድጎማ ከሆነ ሒሳቡ ይለያል፤ ለእነዚህ አንድ ቀን ማጥፋት ያዋጣል።

ስለ ድጎማ ካነሣን፣ ኡበሩ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ነው። ድጎማው ለግል መኪና ብቻ የሚሰጥ ነው። በዓመቱ ከነዱት ማይል ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በፌዴራል የገቢ ታክስዎ ላይ የሥራ ወጪ አድርገው ካስመዘገቡ፣ ወይም ከመኪናው የእርጅና ተቀናሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለሥራ ከወሰዱ፣ መኪናው በሕጉ ዓይን የሥራ መኪና ስለሚሆን ድጎማው በሙሉ ይቀራል። በእርስዎ ግምት ሲሰላ 14,200 ዶላር ላይ 648.94 ዶላሩን ሙሉ ለሙሉ ይከፍላሉ ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ይሆናል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን በአዘቦት ቀን በሜትሮ ባቡር ሥራ እየሄደ መኪናውን ለኡበር ብቻ የሚያወጣ ሰው ሳያውቀው ሰባ በመቶ ሊደርስ ይችላል። የማይል መዝገብዎን አውጥተው ይደምሩ። ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) «አብዛኛው ለሥራ ነው»፣ ለካውንቲው ደግሞ «ለግል ነው» ብሎ መፈረም ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ፊርማዎችን መተው ነው፤ ይህን ለማንም አልመክርም።

በሌላ በኩል ብዙ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች የማያነሡት ጥቅም አለ። የግል ሥራ የሚሠራ ሰው ወጪውን በማይል የሚቀንስ ቢሆንም፣ ከዚያ በተጨማሪ የመኪናውን ንብረት ታክስ የሥራ ድርሻ በሥራ ወጪው ቅጽ ላይ መቀነስ ይፈቀድለታል፤ አርባ በመቶ ለሥራ ከነዱ የከፈሉትን ታክስ አርባ በመቶ ማለት ነው። ቀሪው የግል ድርሻ መደበኛውን ተቀናሽ ትተው ወጪያቸውን በዝርዝር ለሚቀንሱ ሰዎች ብቻ፣ ለግዛትና ለአካባቢ ታክሶች በተወሰነው ጣሪያ ውስጥ ሆኖ ይቀነሳል። ታክስ የሚሞላልዎት ሰው ይህንን ቢል ጠይቆዎት የማያውቅ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጠይቅዎ ይስጡት።

ወዳጅዎ ያቀረበልዎትን የሜሪላንድ ሐሳብ በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ሜሪላንድም ሆነች ዋሽንግተን ዲሲ በግል መኪና ላይ ዓመታዊ የንብረት ታክስ እንደማይጥሉ እውነት ነው፤ ፈተናውም ከዚህ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የቨርጂኒያ ታክስ የሚከተለው ታርጋውን ሳይሆን መኪናው ዘወትር የሚያድርበትን ቦታ ነው። ፌርፋክስ ውስጥ የሚያድር መኪና የሜሪላንድ ታርጋ ቢለጠፍበትም የፌርፋክስ ታክስ አለበት፤ ካውንቲዎቹም የሌላ ግዛት ታርጋ ይዘው በየመኖሪያ ግቢው የሚያድሩ መኪኖችን ይከታተላሉ፣ ጎረቤትም ይጠቁማል። ሲያዙ ያለፈው ታክስ ከነቅጣቱ ይመጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ኢንሹራንሱ ነው፦ መኪናው ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል ብለው የፈረሙበት ውል እዚሁ ፌርፋክስ፣ አናንዴል ላይ ግጭት በደረሰ ቀን የካሳ ክፍያ ሊያስከለክልዎ ይችላል። ወንድምዎንም በማያገባው ነገር ውስጥ ያስገቡታል። ሜሪላንድ ራሷም ታይትል ስታወጣ የራሷን ታክስ ታስከፍላለች እንጂ በነጻ አትቀበልዎትም። ይህ ሁሉ በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ነው።

በሌሎች ግዛቶች ላሉ አንባቢዎች የእነሱ አሠራር ከዚህ የተለየ መሆኑን ባጭሩ ላመልክት። ማሳቹሴትስ ያገለገለ መኪና ገበያን ጨርሶ አትመለከትም፤ ከፋብሪካው የመነሻ ዋጋ በመኪናው የሞዴል ዓመት 90 በመቶ፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 25፣ ከአምስተኛው ጀምሮ 10 በመቶ ወስዳ በ1,000 ዶላር 25 ዶላር ታስከፍላለች። ስለዚህ ቦስተን ያለ ሰው በ2022 የእርስዎ ዓይነት ድንጋጤ አልደረሰበትም። ከኔቲከትም ከኦክቶበር 2024 ግምት ጀምራ ወደዚህ ዓይነቱ የፋብሪካ ዋጋ ሠንጠረዥ ዞራለች። ጆርጂያ ከማርች 2013 ወዲህ ለተገዙ መኪኖች ዓመታዊውን ታክስ ትታ ታይትል ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ታስከፍላለች፤ አትላንታ ያለ ዘመድዎ «እኛ ጋ የለም» ቢልዎ ከፍሎ የጨረሰው ሲገዛ ስለሆነ ነው። በእኔ አስተያየት የማሳቹሴትስ ሠንጠረዥ አስቀድሞ ለማወቅ የተሻለ ቢሆንም፣ ገበያው ሲወርድ ለባለመኪናው የሚመልስለት ምንም ነገር የለም። የቨርጂኒያው ሲወርድም አብሮ ይወርዳል፤ ድጎማውም በመቶኛ ከፍ ይላል።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። ቢሉን ሙሉ በሙሉ፣ ከመክፈያው ቀን በፊት ይክፈሉ፤ በፌርፋክስ ይህ ኦክቶበር 5 ነው። አቤቱታ ማቅረብ በራሱ የመክፈያውን ቀን አያራዝምም፤ ውጤት እጠብቃለሁ ብሎ ማሳደር ቅጣትና ወለድ ያስከትላል፣ ካውንቲውም ዲኤምቪ ምዝገባዎን እንዳያድስ ማድረግ ይችላል። ከተቀነሰልዎ ገንዘቡ ይመለሳል። ከዚያ የመኪናውን ደረጃና የድጎማውን መስመር ይመርምሩ፤ በኖቬምበር የተፈረመውን የታይትል ማይል እና በጃንዋሪ አካባቢ ያሠሩት የዘይት ቅያሪ ካለ ደረሰኙን አያይዘው ለካውንቲው የታክስ አስተዳደር መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ስለ ኑሮ ውድነት ወይም መኪናውን ስለገዙበት ዋጋ አንድ ቃል አይጻፉበት፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማይሉንና ቀኑን ብቻ ይጻፉ። በሕጉ መሠረት የታክሱ ዓመት ካለቀበት ቀን ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ማስተካከያ መጠየቅ ስለሚቻል ጊዜው አልፎብዎት አይደለም፤ ነገር ግን የድሮ ደረሰኝ ማግኘት በየወሩ እየከበደ ይሄዳል። የ2022ቱ የኮሮላ ግምት ግን ካለፈው ጊዜም ከገበያው ሁኔታም አንጻር የሚነሣ ጉዳይ ስላልሆነ ይተዉት።

የሚቀጥለውን ዓመት ማስረጃ ደግሞ ከአሁኑ ያዘጋጁ። ዓመታዊ ኢንስፔክሽንዎ ወይም ዘይት ቅያሪዎ በዲሴምበር መጨረሻ ወይም በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ እንዲውል ካደረጉ፣ ማይሉን የመዘገበ ባለሙያ የፈረመበት ወረቀት በእጅዎ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ቢሉ ሲደርስ ማመልከቻው የአሥር ደቂቃ ሥራ ይሆናል።